ጉሮሮ

የአይስላንድ ሐምሌ፤ ሌሊት ነው፤ ፀሐይ ግን እምቢ አለች፣
ከባሕሩ ጫፍ ቆማ ጎተራችንን ታያለች።
አክስቴ ስቴይንቮር፣ ከአያቴ ትራክተር ጎን፣ ክንዷ ግራሶ ለብሶ፣
ትታገለዋለች ያንን ግትር ዳዶ፣ ዝገት ተንተርሶ
ሰባ ዓመት የተኛ፣
ብረት ከብረት ጋር፣ ቁራኛ ለቁራኛ።

እኔ ቁልፍ አቀባይ፦ «አሥራ አራት!» ትለኛለች፤
ስሰጣት «የኢንቹን ነው እንጂ!» ብላ ትቆጣለች።
አራቱ ወለቁ። አምስተኛው ብሎን ተቀነጠሰ፤
ከአፏ የወጣው ቃል የሰንበት አስተማሪነቷን አፈረሰ።

«በጉልበት አይሆንም» አለች፣ «ሻማ አምጣ ከጓዳ»፤
ብረቱን በነበልባል ጠበሰችው፣ ፍም መስሎ እስኪነዳ።
ሻማውን አስጠጋች፤ ሰሙ ቀለጠና
ሰረገ በጥርሱ መሃል፣ ድምፅ አልባ፣ እንደ ሌባ ዳና።
«ጢጥ» አለ ስድስተኛው፤ ዞረ።
ሰሙ ሥራውን ሠራ፤ ወርቁ ግን ገና አልተነገረ።

ማኒፎልዱን ገልብጣ በብርሃን አየችው፦
ጎኑን እሳት የበላው፣ መሃሉን ስንጥቅ የለየው፤
በስንጥቁ ላይ ግን የሄሪንግ ዓሣ ቆርቆሮ፣
በአጥር ሽቦ ሦስት ዙር የተጠፈረ፣ ጠርዙ ታጥፎ ተቀርቅሮ።

አባቷን ስታማው ኖራለች፦ «ነገ ይላል፣ ነገ፤
ቀኑን ሙሉ ያፏጫል ትራክተሩ፣ እሱ ግን ምን አደረገ!»
አሁን በአውራ ጣቷ ጥቀርሻውን ጠረገች፤
ከቆርቆሮው ላይ የታተመ ዓሣ ዐይኑ ብቅ አለ፤
ምንም አላለች።

በፖስታ የመጣው አዲሱ ግራጫ ነው፣ ቀዝቃዛ፣ ዘመድ የሌለው።
በናስ ዳዶ አሰርነው።
«ናስ አይዝግም» አለችኝ፣ «ለሚቀጥለው ፈቺ እንዲመቸው።»
ማን እንደሆነ አልተናገረችም። ግን እኔን አየችኝ።

ማስነሻውን ጠመዘዘች። አንዴ፣ ሁለቴ። ተነሣ።
ድምፁ ሙሉ ነው፣ ለስላሳ፣
እንደ ጠገበ ድመት።
ግን ያ ፉጨት የለም፤
ከኮረብታው ማዶ ቀድሞ እየመጣ
«ኤይሊፉር ደረሰ፣ ድንቹን አውጡ» ይል የነበረው፣
ያ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ ዜማ
በገዛ እጃችን ተደፈነ።

ሞሪ፣ ዐይኑ የጠፋ ውሻችን፣ ከደጃፍ ብድግ አለ፤
ጆሮውን ቀስሮ
እንደ እንግዳ ጮኸብን።

«ይለምደዋል» አለች አክስቴ።
ደመናው ከምዕራብ ተነሥቷል፤ የታጨደው ሣር ገና ሜዳ ላይ ነው።
የሣር መሰብሰቢያውን ከኋላ አሰርኩላት፤
ሄደች።
ከኪሷ የቆርቆሮው ዓሣ ጅራት ብቅ ብሎ ነበር።