የግርጌ ማስታወሻ

ቫልዲቪያ ላይ ዝናብ፤ ሌሊቱ ተጋምሷል፣
የተረኛው ፋርማሲ መብራቱ ደብዝዟል።
እኔ ከመደርደሪያው፣ ከሳል ሽሮፑ ጀርባ፣
አንድ ስም ይዣለሁ፤ ትውጣ ወይስ ትግባ?

ማንም የሚጽፈው፣ ማንም የሚያነበው፣
መዝገበ ዕውቀት አለ ኢንተርኔት ያቀፈው፤
ኪኒን እየቆጠርኩ በመሃል አርማለሁ፣
ክርክር ሲረዝም እኔ እዘጋዋለሁ።

ዶሚቲላ ናዌልኪን፣ ከቺሎዌ ደሴት፣
ድንች የሰበሰበች፣ ስልሳ ሁለት ዓይነት፤
ጥቁሩን፣ ወይን ጠጁን፣ እንደ ጣት የቀጠነ፣
ዓይኑ የጎደጎደ፣ ውስጡ የደመነ፤
በአመድ እያሸች፣ በየስሙ ጠርታ፣
በጫማ ካርቶን ውስጥ ከአልጋ ሥር አስተኝታ፣
አርባ ዓመት ጠበቀች። ይኸው ነው ታሪኳ፤
ልጅ አልነበራትም፣ ዘር ቢተርፋት እንኳ።

ገጹን የጻፈላት የእህቷ ልጅ ነው፣
ፍቅሩ እንዳይታወቅ በቅጽል ሸፈነው፦
«ታላቋ፣ ዝነኛዋ፣ የደሴቷ ኩራት፣
የማሳው ንግሥት፣ የአፈር መብራት።»
እኛ ደግሞ ቅጽል ሲበዛ ያመናል፤
«ምንጭ አምጣ» ሳንል ማደር ያቅተናል።

ምንጭ ተፈለገ። አንድ የዲግሪ ጽሑፍ፣
ከሁለት መቶ ገጹ፣ ከአንዱ ግርጌ ጫፍ፣
በጉንዳን ፊደል፣ ቁጥር አርባ ሁለት፦
«ዘሩን ለለገሱን ለወይዘሮ ናዌልኬት
ምስጋና።» በቃ። እሱም ተሳስቷል፤
በ«ን» ፋንታ «ት» ገብቷል።

ሌላው የአካባቢው ጋዜጣ፣ የድሮ፣
የገበያ ፎቶ፣ ሕዝብ ተሰባጥሮ፤
ከድንች ክምር ጀርባ፣ ባርኔጣ አጥልቃ፣
አንዲት ሴት ቆማለች ካሜራውን ንቃ።
ከሥዕሉ በታች ጽሑፉ ምን ይላል?
«ገበሬና ምርቷ።» ስሟ የት ይገኛል?

አምስቱ «ይሰረዝ»፣ ሁለቱ «ይቆይ» አሉ፤
ሕጉን ጠቅሰው ነው፣ አይዋሹም ሁሉ።
አንዱማ ቀለደ፦ «እኔም አያት አለኝ፣
ሾርባዋ ግሩም ነው፤ ገጽ ይከፈትልኝ?»
ሳቅሁ። ግን ትዝ አለኝ አንድ ተጫዋች፣ የታመመ፣
አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ ከሜዳ የቆመ፤
ገጽ አለው፣ ባንዲራ አለው፣ ቁመቱ ተለክቶ፣
ጋዜጣ ጽፎታል፣ ምንጩ ተርፎ ሞልቶ።

ያኔ ደወል ጮኸ፤ ሽማግሌ ገቡ፣
ዝናብ ያራሰውን ማዘዣ ሳቡ።
የቺሎዌ ሰው ናቸው፤ ከአነጋገራቸው
ገባኝና፣ ኪኒኑን እየቆጠርኩላቸው፣
«ዶሚቲላን ያውቋታል?» አልኩ። ሳቅ አሉና፦
«እንዴት አላውቃትም! ጥቁሯን፣ ባለዝና፤
ውስጧ ወይን ጠጅ፣ ልጧ እንደ ሌሊት፣
ለሾርባ አትሆንም፣ ለጥብስ ግን ማን ሊተካት?»
«የለም፣ ሴትዮዋን ነው...»
«ሴትዮ?» አሉ፣ «የምን ሴት?
ዶሚቲላ ድንች ናት።»

ከፍለው ወጡ። እኔም ስክሪኑን አየሁት፤
የሽማግሌ ወሬ ምንጭ አይሆንም፣ ተውኩት።
ሕጉ ክፉ አይደለም። የአክስት ውለታ
ሁሉ ቢገባበት፣
ሐሰት ከእውነት ጋር ይቀመጣል ቦታ።

ጫንኩት። ተሰረዘ። ግን ሳልተኛ ያን ሌት
ወደ ድንቹ ገጽ ሄድኩ፤ ከሥሩ፣ ከግርጌው ፊት፣
ስሟን ቀበርኩበት፣ በ«ን» አርሜ ፊደሉን
(ለእርማቱም ምንጭ የለኝም)፤
ድንችም ያው ከግርጌ ነው የሚይዝ ፍሬውን።

ጠዋት ሻይ ሳፈላ ከእህቷ ልጅ መልእክት፣
አንድ መስመር ብቻ፣ ሰላምታም የሌለበት፦
«አክስቴን ድንች አደረግሃት።»