ባለ መነጽሯ

ዊኒፔግ በረዶ ነው። ሲኒማው ግን ይሞቃል።
ላሪሳ ፈንዲሻዋን ጭኗ ላይ ደግፋ፣
ታያለች ያቺን ልጅ፦ ደብተሯን አቅፋ
በኮሪደሩ ስታልፍ ማንም የማያያት፣
አንድ መነጽር መልኳን የቆለፈባት።

መጣ ኳስ ተጫዋቹ፤ "ፍቀጂልኝ" ሳይል
መነጽሯን አነሳ።
ሙዚቃው ጮኸ፣ ፀጉሯ ተፈታ፣
ቆንጆ ሆና ወረደች ከደረጃው፣ በአፍታ።

ላሪሳም በጨለማው የራሷን አወለቀች፤
ጠበቀች።
ጀግናው ጉም ሆነ፣ ቆንጆይቱም ጉም፤
ከፈንዲሻዋ በቀር የሚታይ የለም።

"እንዴ! ለመታየት ብላ ማየት ተወች?
ያን ሁሉ ደረጃ እንዴት ሳትወድቅ ወረደች?"
አለች ጮክ ብላ።
"እሽሽ!" አሏት ከኋላ።

በሹራቧ ጠርጋ መልሳ አጠለቀችው፤
ውጭ፣ የአውቶቡሱን ቁጥር፣ በውርጩ መሀል፣
ከተሰለፈው ሁሉ ቀድማ አነበበችው።