የሁለት ቀን ዕዳ

ሌሊቱን ሙሉ ጓሮ ለጓሮ ስመላለስ አድሬ፣
ጠዋት መርሳ፣ ረውዳ ፋርማሲ ገባሁ፣ በእጄ ሆዴን አስሬ።
«አሜባ» ይላል ወረቀቱ፣ የጤና ጣቢያው ማኅተም አርፎበት፤
«አምናም ይኸው ነበር» አለች፣ የመዝገቧን ቅጠል ገልጣበት።
አምና... አዎ፣ በሦስተኛው ቀን ደኅና ሆንኩና ተውኩት፤
የተረፈውን፣ ለክፉ ቀን ብዬ፣ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት።

«ደምሌ፣ ክፉው ቀን የመጣው ከዚያው ከመሳቢያህ ነው፤
ዛሬ ሀ ብለን እንጀምራለን፤ የድሮውን አምጣና ለእኔ ስጠው።»
የምትወጣ ፀሐይ ሣለች በፖስታው፣ አናት ላይ ያለች፣ ከዚያ ጨረቃ፤
«በልተህ ዋጥ። ሰባት ቀን ነው፣ ሕመሙ ቀድሞ እንኳ ቢያበቃ።
ሽንትህ ቢጠቁር አትደንግጥ። ምራቅህ ብረት ብረት ይልሃል።
ጠላ ግን፣ አረቄ ግን፣ ጠብታ እንኳ! ልብህ እየዘለለ ያስመልስሃል።
ካለቀም በኋላ ሦስት ቀን።» «ሦስት?» «ቁጠር፣ ጣትህ አይጎድልም፤
በዚህ በመርሳ፣ ጠላ ጠምቶት የሞተ ሰው አላውቅም።»

በአምስተኛው ቀን ሰርግ ነበረ፣ ጊራና፣ የአጎቴ የበሪሁን ልጅ፤
ዳሱ እንደ ደንቡ ሁለት ማዕድ አለው፤ ከክርስቲያኑ ተቀመጥኩ፣ ወደ ደጅ።
ሆዴ ዝም ብሏል። አሜባዋ ረስታኛለች መሰል፤
ጠላው ተቀዳ፣ አረፋው እንደ ጥጥ ሲያማልል።
አፌ ግን የዛገ ሳንቲም ነው፤ ያ ጣዕም አስታወሰኝ፤
ብርጭቆውን በመዳፌ ከደንኩ፤ ቀጂው በዓይኑ ወጋኝ።

«ምነው ደምሌ፣ ሰለምክ እንዴ?» አለ አንዱ፤ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ፤
ከወዲያኛው ማዕድ ሼህ ሙዘይን «እሰይ፣ ና ወዲህ!» ሲሉ፣ የሰርገኛው እንባ ፈሰሰ።
«የሁለት ቀን ዕዳ አለብኝ» አልኩ፣ «የዛሬዋን ጨረቃ ሳልቆጥር፤
ከዚያም ላይ ሦስት ቀን ውሃ ጠጥቼ ልኑር።»

እትዬ ብርቄ ጠጋ ብላ፦ «ሁለት ፍሬ ቆንጥርልኝ፣
የልጅ ልጄን ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጣታል፤ በማር ፈጭቼ ላቅምስልኝ።»
ያጎረሰችኝ እጅ ተዘርግቶ፣ እኔ ኪሴን ይዤ፤
ከዚህ በላይ ንፉግ ሆኜ አላውቅም፣ እንዲህ ላብ አጥምቆኝ፣ ፈዝዤ።
«የልጅ ልኩ በኪሎ ነው እትዬ... በእኔ ሆድ አይለካም።»
ተኮራረፍን። ያን ማታ አላወራችኝም።

ግን ጎህ ሲቀድ ባጃጅ አቆምኩ ደጇ ላይ፤ ልጅቷን አቅፋ ወጣች።
ሰገራው ተመረመረ፤ አሜባ የለም፣ ጃርዲያ የለም። እትዬ አየችኝ፤ ዝም አለች።
በእጇ የሰጧት ዱቄት ነው፣ በፈላ ውሃ የሚበጠበጥ፣
ትንሽ በትንሽ፣ በማንኪያ፤ ከዚያ የዚንክ እንክብል፣ ያችኑ የሚጠብቅ።

የመጨረሻዋን ዋጥኩ። ሦስቱንም ቀን ቆጠርኩ፣ መሳቢያው ባዶ ሆነልኝ።
ከመናኸሪያው ጀርባ ብርቱካን ገዛሁ፣ ታጠብኩ፣ ላጥኩ፤
ብርቱካን ብርቱካን አለኝ።