ሐረጎ ላይ ሦስት በመቶ

«የዘንድሮዋ ናት፣ ከአምናዋ ትለያለች፤
አንዴ ከጠገበች አራት መቶ ስልሳ ኪሎሜትር ትሄዳለች፤
ከዜሮ ተነስታ መቶ ትገባለች
በሰባት ሰከንድ» ብላ፣ ጦይባ ወረቀቱን አነበበች፣
ቁልፉንም አቀበለች።

ደሴ ላይ መቶን ማን ያውቃል? በባጃጅ ታፍኖ መውጪያው፣
በግ ሲሻገር ሰባት ሰከንድ ትንሹ ነው መጠበቂያው።
እኔ የአይሱዙ ሰው ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ
ሞተሬ ከሩቅ ሲያገሳ፣ «አባባ መጣ» እያሉ
ልጆቼ ከአልጋ ሲዘልሉ
የኖርኩ።
ይህቺ ግን ድምፅ የላትም። ደጄ ደርሳ ስትቆም
ውሻችን እንኳ አይጮህም።
«እንደ ሌባ መግባት ለመድክ!» አለችኝ ዘሀራ አንድ ማታ፣
በሳቅና በቁጣ መሐል፣ ኩራዙን ወደ ፊቴ አምጥታ።

ኩራዝ ማለቴ፣ መብራት ሄዷል። ከሄደ ሁለት ሌሊት።
መኪናይቱም ከሳች። ስክሪኗ ላይ የቀራት ሀብት
አስራ አንድ በመቶ ብቻ።
ናፍጣ ቢሆን በጀሪካን እለምን ነበር ከጎረቤት፤
መብራትን ማን ያበድራል? በምን ዕቃ? በየት?

ጦይባ ደወለች፦ «ይመር፣ ኮምቦልቻ ግን መብራት አለ፤
ኢንሱሊኑም እዚያ ደርሷል፣ በረዶው ሊያልቅ ነው ተባለ።»

ወረድኩ። ጦሳን በመስታወት ትቼ ከሐረጎ አፍ ስደርስ
ሬዲዮ አጠፋሁ። እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ አጠፋለሁ።
በሦስተኛው ጥምዝ ነው ሙሔ፣ ሲሚንቶ እንደ ጫነ፣
ፍሬኑ ግሎ ግሎ ከእግሩ ሥር የተነነ።
ከኋላው እኔ ነበርኩ። የኋላ መብራቱን አየሁ፣ ሲጠፋም፤
ከዚያ ሽታ አፍንጫዬ እስከ ዛሬ አላረፈም።
እናቱን ሰኞ ገበያ ሳይ፣ በሌላ መንገድ እዞራለሁ።

እግሬን ከፔዳሉ አነሳሁ። ዝም አለች።
ሕፃን ሊወድቅ ሲል እንደሚይዝ እጅ፣ ራሷን ያዝ አደረገች፤
ፍሬን ሳልረግጥ ረጋች፣ ቁልቁለቱን እያኘከች።
አስራ አንድ። ጥምዝ። አስራ ሁለት።
የሙሔ ቦታ ላይ፣ አስራ ሦስት።
ወላሂ፣ ገደሉ ይመልሳል! ያ ፍሬን ያነደደ እሳት፣
ያን ጊዜ መግቢያ ያጣው፣ ዛሬ አገኘ ማደሪያ ቤት።
ታች ስደርስ አስራ አራት።

ደስ ሊለኝ ነበር፤ አፈርኩ። ይህች ሦስት በመቶ
ከማን ኪስ ነው የወጣችው? ማን ነበር የከፈላት፣
ዕዳውን ሳያውቅ ሞቶ?

ኮምቦልቻ ሦስት ፌዝ ያለው የአያ እንድሪስ ወፍጮ ቤት ነው።
«ወፍጮና መኪና አንድ ላይ አይሆንም፣ ቆጣሪው ይዘላል» አለኝ።
ኢንሱሊኑን ከጭማቂ ቤት በለመንኩት በረዶ ከበብኩና
ተራዬን ያዝኩ፣ ከዘንጋዳ ማዳበሪያዎች ኋላ።
«ይህቺ ደግሞ ምን ልታስፈጭ ነው?» አለች አንዲት፣ ቅንድቧ ዱቄት ለብሶ።
«ቁልቁለት» አልኳት።
ሳቀች። «ዳገቱን ታዲያ ማን ሊበላ?»

ሃያ ስድስት ሲል ነቀልኩ፤ ወረፋው ረዝሞ ነበር፣
የሰው ራት በኔ ገመድ ሲዘገይ ማየት ይከብዳል።
ሴትዮዋን ከነዱቄቷ ጫንኩ፣ ደሴ ናት አሉ።
ሐረጎ የሰጠውን ተቀበለ፣ ወለድም ጨመረበት፤
አስራ አንድ በላ በዚያ ዳገት።
ሴትዮዋ ግን አላወቀችም፤ «እንዴት ያለ ጉልበት!
ሞተሩም አያቃስትም» አለች።
የሚያቃስተው እኔ ነበርኩ።

ኢንሱሊኑን አስረክቤ፣ ሴትዮዋን ቤቷ አድርሼ፣
አስራ አምስት በመቶ ይዤ፣ መሪዬን ወደ ሰኞ ገበያ መለስኩ።
ከሙሔ እናት አጥር ሥር ቆምኩ።
ዱሮ እሱ ከላይ ሲያገሳ ነበር በሩን የምትከፍት።
ሰፈሩ ጨለማ ነው። ማንም መምጣቴን አልሰማም።
ክላክሱን ነካሁ፣ አንድ ጊዜ፣ በቀስታ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።
ምን ልበል?
ቀድሞኝ የሚናገርልኝ ሞተር የለኝ።