ትኩስ ድንች

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤
ግሪምስቢ ወደብ ግን ውርርድ ያወጣል።
ዓሣ አሻጊው ኖሪስ፣ ስድሳ ሊደፍን ሲል፣
ቢራ አፉን ከፍቶት “ብረታ…” ብሎ ሲምል፣
ተረታ። ከፍሎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አስመትቶ፣
“ትኩስ ድንች” ተባለ፣ ኖሪስነት ቀርቶ።

ባንክ ቤት ሳቁበት፤ ፖሊስ ተጠራጠረ፤
ከሚስቱ ጋር ሳምንት ሰላምታ አልነበረ።

እናቱ አልጋ ላይ ናት፣ ዘጠና አልፏታል፤
ኖሪስ ማን እንደሆነ ከጠፋት ቆይቷል።
ነርሷ የጎብኚ ስም ከመዝገብ አውጥታ
“ትኩስ ድንች መጣ!” ስትል፣ ድንገት ሰምታ
ሳቀች አሮጊቷ፣ ትራሷን ገፍታ፦
“ቅቤስ አለው?” አለች።
                    በማግስቱ ማታ
“ድንቼሳ?” ብላ ጠየቀች፣ በሩን በሩን አይታ።

ስሙን ሊያስመልስ የጻፈው ማመልከቻ፣
ዛሬ መነጽሩን ይጠርግበታል ብቻ።