ውሃ ልክ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፥ ለሸመንደፈር
የፉርጎ በር ሲያበጅ፥ አግዳሚ ሲያሰምር፥
የአው ዑመርዲን ሥራ ጅቡቲ ሺህ ጊዜ ወርዷል፤
እሱ ግን ከሽንሌ ወዲያ ምን ያውቃል።

ባቡሩ ሲቆም፥ ፉርጎው በኪሎ ሲሸጥ፥
ሰው ሁሉ ብረት ብረቱን በሚዛን ሲመርጥ፥
እሱ የሁለተኛ ማዕረግን አግዳሚ
ገዝቶ በጋሪ ጫነ። "አበደ" አለ ሰሚ።
ቲክ ነው፤ ከባድ። ሲላግ እንደ ጫማ ሰፊ ቤት
ይሸታል፤ ምላጭ ያዶለዱማል በአንድ ሌሊት።
መጋዘናችን ውስጥ ዘጠኝ ክረምት አለፈ፤
ደቻቱ ሁለቴ ሞልቶ ደፋችንን ለከፈ።

ከዚያ ሳሊም ባሃሩን፥ የታጁራው ባለ ጀልባ፥
ካርቶን ላከ በጭነት መኪና፥ ከሽንኩርት ጋር የገባ፦
"የጀልባዬ መውጫ ክዳን፥ ልኩ ይኸው፤
እንጨቱ ቲክ ይሁን፥ ጨው የማይበላው።"

አጎቴ ካርቶኑን ግድግዳው ላይ አስጠግቶ
ውሃ ልኩን ከላይ ጫነ፤ አየ አንድ ዓይኑን ዘግቶ።
አረፋዋ ሸሸች ወደ ግራ ጥግ።
"ከባሕር ሰው መቀስ አይጠበቅም ወግ፤
ጣት ሙሉ አጣሞታል!" አለና አቃናው።

ክዳኑ ሄደ።
በአስራ አንደኛው ቀን ተመለሰ፥ ከባለቤቱ ጋር።

ሳሊም አልተቆጣም። ሽርጡን ሰብስቦ፥
ፍቅፋቂው ላይ ቁጢጥ ብሎ፥ ጫቱን ቀንጥቦ፥
"አው ዑመር" አለ፥ "ጀልባ ቤት አይደለም፤
ውሃ ላይ፥ ወንድሜ፥ ውሃ ልክ የለም።
እያንዳንዱ እንጨት የሚያውቀው ጎረቤቱን ነው፤
ሰማዩንም መሬቱንም ተው።"

አጎቴ ዝም አለ። ምስማር ሲነክስ እንዲያ ነው።
ውሃ ልኩን አንስቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

ሁለተኛውን ክዳን ካርቶኑ እንዳለ፥
ጠማማውን በጠማማነቱ አምኖ እየተከተለ
ሲሠራ፥ ከአንዱ ሳንቃ ሆድ፥ ከቀለሙ መጨረሻ
በሰንጢ የተጫረ ስም ወጣ፦ አይሻ።
ሴት ትሁን ጣቢያዋ፥ ማን ይነግረናል?
ተሳፋሪው ቸኩሎ፥ ወይ አፍቅሮ፥ ወርዷል።
መላጊያው ስሙ ጋ ደርሶ ቆመ።
"ይሄ ወደ ውስጥ ይዙር፥ ሰዓዳ።" ሌላ አልጨመረም።

ከዚያ ቫርኒሽ። ድሬ ላይ ቫርኒሽ መቀባት
ከአቧራ ጋር ክስ ነው፥ አቧራው ራሱ ዳኛ የሆነበት።
ከሌሊቱ አስር ሰዓት፥ ነፋስ ሳይነሣ፥
ወለሉን ውሃ ረጭቼ፥ በሩ ላይ እርጥብ ጆንያ፥
ፀጉር እንዳይረግፍብኝ ሻሼን አጥብቄ
በአኳራጅ የራሰ ጨርቅ አቀብላለሁ ተጠንቅቄ።
"ቅባቱ ሳይወጣ ቫርኒሽ አይዝም" ይላል፤
"ኩርፊያ ላይ ሽቶ ቢረጩ ምን ያደርጋል?"

የመጀመሪያው እጅ ቀጭን፤ ግማሹ አኳራጅ።
ሁለተኛው ጠጣ። ሦስተኛው ቆመ።
አራተኛው እጅ ላይ አንዲት ትንኝ አረፈች፤
ትንፋሹን ውጦ በመርፌ ጫፍ አነሣት። እግሯ ቀረች።
ጠዋት በብርጭቆ ወረቀት ፋቅነው፤
እንደገና አራት።

በሰባተኛው እጅ፥ በመስኮቱ የገባው ብርሃን
እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ከሄደ በኋላ ወሬ የለም። የሳቢያን ሙሽራ
አልጋ አዘዘች። አጎቴ ውሃ ልኩን ከምስማሩ አወረደ፥
የአልጋው ራስጌ ላይ ጫነው። አረፋዋ መሃል ቆመች፥
ጸጥ ብላ። ብዙ አያት፤
እንደ ሐሰተኛ ምስክር።

የረመዳን ዋዜማ ስልክ ጮኸ። ሳሊም ነው፤
ከጀርባው ነፋስ ይሰማል።
"ገጥሟል! ልክ እንደ ክዳን ሳይሆን እንደ ዓይን ቆብ ገጥሟል።
ግን ከሥሩ የሚተኛው ልጅ እንቅልፍ አጣ፤
ተጋድሞ ሲያነብ ያድራል። ማናት አይሻ? ይላል።"

አጎቴ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ።
"ጣቢያ ናት በይው" አለኝ፤
"ባቡር የማይቆምባት።"