የግርጌ ማስታወሻ

የቢሮዬን ቁልፍ የማስረክብ ዕለት፣
ካሴቱን በካርቶን፣ መጽሐፉን በዓይነት
ለይቼ ስጨርስ፣ ከበሩ ጀርባ ሥር
አንድ የመጥረጊያ እጀታ ቆሞ ነበር፤
ጫፉ እንደ ተረከዝ የተሰነጠቀ።
«ይሄ ይጣል?» አለኝ ተማሪዬ፣ እየሳቀ።
«ተወው» አልኩ፤ «አስተምሮኛል።»

ፊት ዳንሰኛ ነበርኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ቶሌዶ፣ ፒትስበርግ፣ ባፋሎ ሲሉ
ከአውቶቡስ ስወርድ፤
ፖስተሩ ላይ ስሜ በደቃቅ ፊደል፣
«የአፍሪካ ነበልባል» ግድግዳውን አክል።
ያልረገጥኩት አገር፣ ያላየሁት ሰርግ፣
በላስቲክ ዶቃ ደምቄ ስውረገረግ
ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል።
«የማን ነው ይሄ?» የሚል ጥያቄ ግን
ከመጋረጃው ኋላ ካፖርቴን ይዞ ጠበቀኝ፤
ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ሽሽት ነው፤ አልለቀቀኝ።

ሳቫና ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን፣
መቅረጫዬን ይዤ፣ በቅዳሜ ቀን፣
ከዴሪየን ወዲያ፣ የሩዙ ማሳ ረግረግ ሆኖ ከቀረበት፣
ዛፉ ሁሉ ግራጫ ሽበት ካንጠለጠለበት
መንደር ደረስኩ። ሚስ ሉቪኒያ ግራንት
በረንዳዋ ላይ አተር እየፈለፈለች
መቅረጫዬን አየች፤ ጫማዬን አየች፤
«ይኼንን አጥፊ፣ ያንን አውልቂ» አለች።

ማታ፣ በጸሎት ቤቷ፣ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ
በመጥረጊያ እጀታ ወለሉን ይመታል፤
ዱ፣ ዱዱ፣ ዱ፤
ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተከታትለው ሄዱ፣
እግራቸው ከሳንቃው ሳይላቀቅ፣ ጉልበታቸው ላላ ብሎ።
እኔም ገባሁ። መድረክ የለመደ ሰውነቴ ቸኩሎ
ግራዬን በቀኜ ላይ ሲያሻግር፣ ክርኔን ያዘችኝ፤
«እግርሽን አታጣምሪ» አለችኝ፤
«ከተጣመረ ዘፈን ነው፤ ዘፈን ደግሞ የዓለም ነው፤
ካልተጣመረ ግን፣ ልጄ፣ አምልኮ ነው።»

ዘፈን።
በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፤
እኔ የሰማሁት በአባቴ ድምፅ ነው።

መሪጌታ አባቴ። ሌሊቱን ሙሉ
በመቋሚያው ወለል እየመታ ዘንበል፣ ቀና የሚለው፤
ያንን «ጭፈራ» ያለውን ሰው ግን
ለአንድ ወር የማያናግረው።
የኔን ሥራ ሰምቶ፣ «ዘፋኝ ሆነች» ብሎ
ስሜን ከጸሎቱ አወጣ አሉኝ።
አላወጣም ያሉኝም አሉ።
ሳልጠይቀው ሞተ።

መጽሐፌን ስጽፍ፣ ምዕራፍ አራት ላይ
ሁለቱን ዱላ ጎን ለጎን አቆምኩ፣ ሦስት ገጽ ሙሉ።
ገምጋሚዎቹ «ማስረጃ የለሽም» አሉ፤
«በመካከል ባሕር አለ፣ ዘመን አለ፤ አታጣምሪ።»
ልክ ናቸው። አላጣመርኩም። ሦስቱንም ገጽ ሰረዝኩ።
የቀረው ከታች ነው፣ ቁጥር ስልሳ አንድ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ጸሐፊዋ በልጅነቷ ተመሳሳይ ዱላ አይታለች።
ዝምድና አለ ለማለት አይቻልም።»
በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አባቴ ያለው እዚያ ብቻ ነው፤
ከግርጌ፣
እግር ከሚቆምበት።

አምና ዳሌዬ ተቀየረ፤ ብረት ነው አሁን።
ሐኪሙ ጢሙ ገና ያልጠና ልጅ፣
ሚስ ሉቪኒያ ስትቀበር ዳዴ ይል የነበረ፣
ጣቱን ቀስሮ፣ «ከእንግዲህ» አለ፣
«እግርሽን እንዳታጣምሪ።»
ሳቅኩ። ስፌቱ እስኪያመኝ ሳቅኩ።
ነርሷ ደንግጣ የደም ግፊቴን ለካች።

ተማሪዬ የመጨረሻውን ካርቶን ይዞ ወረደ።
ክፍሉ ባዶ ነው፤ መደርደሪያው የነበረበት
ግድግዳ ላይ ነጭ ጥላ ቀርቷል።
ጫማዬን አወለቅኩ።
እጀታውን ከበሩ ኋላ አንሥቼ
ወለሉን መታሁት፣ አንዴ።
ከታች ፎቅ ያለው የሒሳብ መምህር
ተቆጥቶ ጣራውን አንኳኳ፣ ሁለቴ።

መለስኩለት።